ጥላሸት የጠገበ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ቀለም ከመቀባቱ በፊት

ባሕር ዳር፦ ክረምቱ ሊወጣ፣ ዘመን ሊለወጥ ሲቃረብ ቤትን ማደስ የተለመደ ነው። ግድግዳ ይለሰናል፣ መጋረጃ ይታጠባል፣ ወጥ ቤቱም ተራውን ያገኛል። በከተማ ቤቶች ከዋንዛ ወይም ከቺፑድ የተሠራው፣ ብዙዎች «ኪችን ካቢኔት» የሚሉት ቁም ሳጥን በዓመታት ጭስና ቅባት ጠቁሮ ክፍሉን ሁሉ ያጨልመዋል። አዲስ ለማሠራት አቅሙ ለማይፈቅድለት ቤተሰብ ቀለም መቀባት ጥሩ አማራጭ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጸመው በቀለም ምርጫ ሳይሆን የቀለሙ ቆርቆሮ ከመከፈቱ በፊት ነው። አንዱ ስሕተት ገንዘብ ያባክናል፤ ሌላው የልጆችን ጤና ይጎዳል።

ጥቁረቱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። ቫርኒሽ ዕድሜው ሲገፋ በራሱ ይጠቁራል። ከዚህ በተጨማሪ ወጥ ሲቁላላ የሚነሣው የዘይት እንፋሎት በእንጨቱ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ያርፋል፤ የከሰልና የማገዶ ጥላሸት ደግሞ በዚያ ላይ ይጣበቃል። ቀለም በቅባት ላይ አይይዝም። ለጥቂት ሳምንታት አምሮ ይቆይና እጅ በሚበዛበት ጠርዝና በእጀታው ዙሪያ መላጥ ይጀምራል። በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም በጥላሸት ላይ ከተቀባ ደግሞ እድፉ ቡናማ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ መደገምም ላያድነው ይችላል።

በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ ማጠብ ነው። በሮቹ ከማጠፊያቸው ተፈትተው ይወርዳሉ፤ ኋላ ላይ እንዳይቀላቀሉ በየጀርባቸው ቁጥር ቢጻፍ መልካም ነው። ከዚያም ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ይታሻሉ፤ የሳሙናው ቅሪትም እንዳይቀር በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃሉ። ቺፑድ ግን ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ በተጨመቀ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ ውኃ አይደፋበትም።

ቀጥሎ የቫርኒሹ ወይም የአሮጌው ቀለም ልስላሴ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል። ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ቁም ሳጥኑ ከዚህ ቀደም ቀለም የተቀባ ከሆነ፣ በአሮጌው ቀለም ውስጥ እርሳስ ወይም ሊድ የተባለው ከባድ ብረት ሊኖር ይችላል። እርሳስ ቀለሙን ለማድመቅ፣ ቶሎ ለማድረቅና ዕድሜውን ለማርዘም ለብዙ ዘመን ሲጨመር ኖሯል፤ በተለይ በቢጫ፣ በቀይና በአረንጓዴ ቀለሞች። በሀገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ የሚኖረው የእርሳስ መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባው በር ግን ዛሬም በየቤቱ አለ፤ በዓይን ዐይቶም መለየት አይቻልም።

ይህ ቀለም በደረቁ ሲፋቅ አቧራው ወለል፣ ሞሰብና ዕቃ ላይ ያርፋል። የሚድኽ ሕፃን እጁን ከወለል ወደ አፉ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ውስጥ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት መጠን ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይደርሳል፤ ጉዳት አያስከትልም ተብሎ የታወቀ መጠንም የለም። እርሳስ የአንጎልን ዕድገትና ትምህርት የመቀበል ችሎታን ይጎዳል። በነፍሰ ጡር እናት በኩል ወደ ፅንሱም ይደርሳል። ምልክቱ ቶሎ ስለማይታይ ቤተሰቡ ምንም እንዳልደረሰ ሊቆጥር ይችላል።

ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅም፤ በእሳትም ተቃጥሎ አይነሣም። ያልተላጠና በደንብ የያዘ ከሆነ ጨርሶ ማንሣት አያስፈልግም፤ ቅባቱን አጥቦ፣ በውኃ እያረጠቡ በቀላሉ ማሻከር ይበቃል። ለዚህ ውኃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ላስቲክ ተነጥፎ፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች በሌሉበት ይሠራል። ነጠላ ወይም ሻሽ አፍ ላይ ማሰር ረቂቁን አቧራ አያግድም፤ የአቧራ መከላከያ ጭምብል ያስፈልጋል። ወለሉ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል።

ለአርሶ አደሮች ደግሞ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የተላጠ ቀለም ከብስባሽ ጉድጓድ ወይም ከብት በሚውልበት ቦታ መጣል የለበትም። ከብት፣ በተለይም ጥጃ፣ ያገኘውን ይልሳል፤ በእርሳስ የተመረዘ ከብት ዓይኑ ይታወራል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል። ቀለም የተቀባ አሮጌ በር ፈልጦ እንጀራ መጋገሪያ ማድረግም አደገኛ ነው፤ መርዙ በጭሱና በአመዱ ውስጥ ይቀራል። ባዶ የቀለም ባልዲም ቢታጠብ እንኳ ለመጠጥ ውኃ፣ ለጠላ ወይም ለእህል አይሆንም።

ቀሪው ሥራ ቀላል ነው። ስንጥቁ በስቱኮ ይሞላል፤ እድፍ የሚያግድ የዘይት መነሻ ቀለም አንድ ጊዜ ይቀባል፤ ከደረቀ በኋላ የሚታጠብ የዘይት ቀለም ስስ ተደርጎ ሁለት ጊዜ ይደረብበታል። ነጭ ለዓይን ቢያምርም ቁሌት በሚበዛበት ቤት አንድ ወር አይቆይም፤ በዚህ ጸሐፊ እምነት ክሬም ወይም ፈካ ያለ ግራጫ ይሻላል። የቲነር ተን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በዚያ ክፍል ከሰልም ቡታ ጋዝም አይለኮስም፤ ቡናውም ሌላ ቦታ ይፈላ። ጭስ መውጫ በሌለው የማገዶ ወጥ ቤት ግን ከቀለሙ በፊት መስኮት ማውጣት ወይም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መትከል ይቀድማል፤ አለበለዚያ ሥራው ሁሉ ጥላሸት ተመልሶ ይለብሳል።

የዘይት ቀለም በማግሥቱ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፤ በሚገባ ለመጠንከር ግን ሳምንታት ይፈልጋል። እርጥበት ሲኖር ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። በጳጉሜን ተቀብቶ ለእንቁጣጣሽ ዕቃ የተጫነበት መደርደሪያ ሳሕኑን ይዞ ሊቀር ይችላል። ፀሐይ እስኪበረታ ጠብቆ ሥራውን ከመስቀል በኋላ መጀመር ይቻላል፤ በሮቹን አጥቦ ማድረቅም ያኔ ይቀላል።