ባሕር፣ አፍ፣ ተፋሰስ፦ ስለ ጨረቃ ገጽ ስያሜዎች

ስለ ጨረቃ ገጽ አፈጣጠር በአማርኛ ለመጻፍ የተነሣ ተርጓሚ ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ቃላት ይገጥሙታል፤ እነርሱም ማሬ፣ ክሬተርና ቤዚን ናቸው።

ማሬ በላቲን ባሕር ማለት ነው። ሪቾሊ የተባለው ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ በጨረቃ ላይ ለሚታዩት ጠቋራ ሜዳዎች የባሕር ስም ሰጣቸው። ውሃ ግን የለባቸውም፤ ከውስጥ ፈልቆ የረጋ ቅልጥ ዐለት ናቸው። አፖሎ 11 እ.ኤ.አ. በ1969 ያረፈበት «የፀጥታ ባሕር» የተጸውዖ ስም ስለ ሆነ እንዳለ ይቆይ፤ የወል ስሙ ግን «ጥቁር ሜዳ» ቢባል ይሻላል። ዐለቱ የጎጃምን አምባ ከሸፈነው ባዛልት ጋር ወገኑ አንድ ነው፤ ሆኖም የጎጃሙ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው የጨረቃው በአብዛኛው ከ3 ቢሊዮን ይበልጣል።

አስቸጋሪው ክሬተር ነው። «የእሳተ ገሞራ አፍ» ብሎ መተርጎም የቃል ምርጫ ብቻ ሳይሆን የተጣለ ንድፈ ሐሳብን መልሶ ማስገባት ነው። የጨረቃ ጉድጓዶች እሳተ ገሞራ የከፈታቸው ናቸው የሚለው አስተያየት ለረጅም ዘመን ጸንቶ ቆይቷል። ዩጂን ሹሜከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960 በአሪዞናው ጉድጓድ ዐለት ውስጥ እጅግ ብርቱ ግፊት የሚፈጥረውን ማዕድን በማግኘታቸው ጉድጓዱን የቆፈረው የሰማይ ድንጋይ መሆኑ ተረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 የመጣው 382 ኪሎ ግራም የጨረቃ ናሙናም የጨረቃን ጉዳይ በዚሁ አቅጣጫ ወሰነ። «አፍ» ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣን ነገር ያመለክታል፤ እዚህ ግን ኃይሉ የመጣው ከውጭ ነው። እኔ በበኩሌ «የምት ስርጉድ» የሚለውን እመርጣለሁ። ሰረጎደ የሚለው ግስ ከውጭ ያረፈን ጫና በራሱ ይናገራል።

ቤዚንን «ተፋሰስ» ማለት ደግሞ ስሕተቱ በማንኩሽ ይበልጥ ይጎላል። በዚህች የጉባ ወረዳ ከተማ ተፋሰስ ሲባል የሚታሰበው ዓባይ ነው፤ ቃሉም ከፈሰሰ የወጣ ነው። በጨረቃ ላይ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ስለዚህ «ገንዳ» ይበቃል። የአካባቢው መሠረተ ዐለት ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቢያስቆጥርም የጥንት ገጹን ዝናብና ወንዝ ጠርገውታል፤ ጨረቃ ግን አየርና ዝናብ ስለሌላት የቢሊዮን ዓመታት ስርጉዶቿን እንደ ያዘች አለች።

ጉሙዝኛ በክልሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ከገቡት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከአማርኛ ወደ ጉሙዝኛ የሚመልስ ሰው «አፍ» የሚል ቢያገኝ አፍ ብሎ ይመልሳል፤ «ተፋሰስ» ቢያገኝም በጨረቃ ላይ ወንዝ ያፈስሳል።