የስኳር በሽታና የልብ ሥጋ

ባለፈው ዕረፍት ወደ ይጁቤ በሄድሁ ጊዜ አጎቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። አጎቴ እርሻው በባሶ ሊበን ቆላ፣ ከዓባይ አፋፍ በታች ነው፤ ሰውነቱ እንደ ዘንግ የቀጠነ ነው፤ ስኳር ካመመው ሰባት ዓመት አልፎታል። «አንተ ልጅ፤ ስኳሩ ያለው ደምህ ውስጥ ነው አሉኝ፤ ታዲያ አቀበት ስወጣ የሚደክመው ልቤ ለምንድን ነው?» አለኝ። ያን ቀን የሰጠሁት መልስ ተማሪ ነኝ ለሚል ሰው የሚያሳፍር ነበር። ከተመለስሁ በኋላ መጻሕፍት አገላብጬ ያገኘሁትን እነሆ።

ልብ ጡንቻ ነው፤ የጡንቻውን ሥራ የሚሠሩትም ፕሮቲኖች ናቸው። አክቲንና ማዮሲን እርስ በርሳቸው እየተሳሳቡ ያኮማትሩታል። ቲቲን የሚባለው፣ በገላችን ካሉት ፕሮቲኖች ሁሉ ትልቁ፣ እንደ ሞላ ይለጠጥና ይመለሳል። ኮላጅን ደግሞ እንደ ጠፍር ዙሪያውን ይዞታል። ከዚህም ሌላ ካልሲየምን ከየምቱ በኋላ ወደ ጎተራው የሚመልስ ፕሮቲን አለ፤ እርሱ ከሰነፈ ልብ በሚገባ አይላላም።

እንግዲህ ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ፣ ማንም ኢንዛይም ሳያዘው፣ በፕሮቲን ላይ ይለጠፋል። ስኳርና የፕሮቲን ፍሬዎች እንዲህ እንደሚዋሐዱ የፈረንሳዩ ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. ገልጦ ነበር፤ ቡና ሲቆላ የሚጠቁረውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛ ገላ ግን ነገሩ ያለ እሳት፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ በወራትና በዓመታት ይፈጸማል። ኮላጅን ዕድሜው ረጅም ስለ ሆነ ዕዳው ይከማችበታል፤ ክሮቹም እርስ በርሳቸው ይተሳሰሩና የልብ ግድግዳ ይደርቃል። የደረቀ ልብ ደምን መግፋት ቢችል እንኳ ለመቀበል ይቸገራል፤ ደሙም ወደ ሳንባ በኩል ይታቆራል፤ አቀበት ላይ ትንፋሽ ማጠሩ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። (ሊመጣ ይችላል አልሁ እንጂ ነው አላልሁም፤ የደም ግፊትና የልብ በር ሕመምም ያንኑ ያደርጋሉ።)

በ1972 እ.ኤ.አ. በሩብለር የሚመራ የአሜሪካን ሐኪሞች ቡድን የአራት የስኳር በሽተኞችን አስከሬን መርምሮ፣ የልባቸው ደም ሥር ሳይደፈን ልባቸው ደክሞ እንደ ነበር ጻፈ። ፕሮቲኖቹን አንድ በአንድ መቁጠር የተቻለው ግን በቅርቡ ነው፤ ፕሮቲኑ በኢንዛይም ይቆራረጥና ቁርጥራጩ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ በልዩ መሣሪያ ይመዘናል። በ2025 እ.ኤ.አ. የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልብ ከተተካላቸው በሽተኞች የወጣውን ልብ ከጤነኛ ልብ ጋር አነጻጽረው፣ ደም ሥራቸው የጠበበና ስኳርም ያለባቸው ሰዎች የመኮማተርና የካልሲየም ፕሮቲኖቻቸው እንዳነሱ፣ ጠባሳቸውም እንደ በዛ አሳይተዋል።

እኔን የከነከነኝ ግን የሲድኒው ልብ የአጎቴ ልብ አለመሆኑ ነው። ሽታዬ ዓለሙ፣ ኤልድሪድ ፓሪና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ባወጡት ጽሑፍ፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው በሽተኞች አብዛኞቹ ድኾችና ቀጫጮች መሆናቸውን አስረድተው፣ ነገሩ ከምግብ እጥረት ጋር ይያያዝ እንደ ሆነ ጠይቀው ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ይህን ዐይነት አምስተኛ ብሎ ተቀብሎታል። «የሀብታም በሽታ» እያልን በመኝታ ክፍል የምንቀልድ ሰዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

በይጁቤ የማንንም ልብ ቆርሶ መመዘን አይቻልም። ነገር ግን ሄሞግሎቢንም ፕሮቲን ነው፤ ስኳርም ይለጠፍበታል። ይህን በ1968 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው የቴህራኑ ሳሙኤል ራህባር ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ ጥቂት ጠብታ ደም ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ታሪክ ይናገራል፤ በልብ የተደበቀውም በደም ይገመታል ማለት ነው።

መድኀኒቱ ኢንሱሊን ራሱ 51 ፍሬዎች ያሉት ፕሮቲን ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል። አጎቴ ወደ ቆላ ሲወርድ ብልቃጡን በኪሱ ይዞ ይውል ነበር። አሁን እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ማሰሮ፣ ከጥላ ሥር ያስቀምጠዋል። ልቡን በአልትራሳውንድ እንዲያዩለት ደብረ ማርቆስ ለኅዳር ቀጠሮ ይዘንለታል፤ እርሱ ግን ማሽላው ሳይታጨድ ንቅንቅ አልልም ብሏል።