የሻወር ወለል በድሬዳዋ

የሻወር ወለል በመታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሰው ቆሞ ገላውን የሚታጠብበትና ውሃው ወደ ፍሳሽ መስመር የሚወርድበት የወለሉ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች በአብዛኛው በሁለት ዓይነት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በሲሚንቶ ላይ ሴራሚክ ማንጠፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣ የሻወር ትሬይ ማስቀመጥ ነው። በድሬዳዋ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ከዋጋና ከመልክ በተጨማሪ የከተማዋ ሙቀት፣ የውሃው ዓይነትና የውሃ መቆራረጥ ግምት ውስጥ ይገባሉ።

የሴራሚክ ወለል

ይህ ወለል በቦታው ላይ በንብርብር ይሠራል። በመጀመሪያ በአርማታው ላይ ወደ ማፍሰሻው ያዘነበለ ሲሚንቶ ይደረጋል፤ ተዳፋቱ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሲሚንቶው ሲደርቅ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ወይም ሽፋን ይደረግበትና ጠርዙ በግድግዳው ላይ ከፍ እንዲል ይደረጋል። ሴራሚኩ የሚለጠፈው ከዚህ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ውሃውን የሚያግደው ሴራሚኩ ይመስለዋል። ነገር ግን በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው በሲሚንቶ የተሠራ ግራውት ውሃ ይመጥጣል። ስለዚህ ከሥር ያለው ሽፋን ከሌለ ወይም ከተቀደደ ውሃው ቀስ በቀስ ወደ አርማታው ይሰርጋል። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ፣ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ማፍሰሻው ተደፍኖ ወለሉ በውሃ ተሞልቶ ለ24 ሰዓት ይቆያል። የውሃው ከፍታ ከቀነሰ ወይም ከታች እርጥበት ከታየ ሽፋኑ ይጠገናል።

ለስላሳና አንጸባራቂ ሴራሚክ በሳሙና ውሃ ላይ ያንሸራትታል። ለሻወር የሚመረጠው ፊቱ ሻካራ የሆነ ወይም አነስ ያለ ሴራሚክ ነው። አነስተኛው ሴራሚክ መጋጠሚያው ስለሚበዛ እግር ይይዛል፤ ተዳፋቱንም ተከትሎ በቀላሉ ይነጠፋል።

የሻወር ትሬይ

የሻወር ትሬይ ከአክሪሊክ፣ ከፋይበር ግላስ፣ ከሸክላ ወይም ኢናሜል ከተቀባ ብረት አንድ ወጥ ሆኖ ይሠራል። 80 በ80 እና 90 በ90 ሳንቲ ሜትር ከተለመዱት መጠኖች ውስጥ ናቸው። ተዳፋቱ በፋብሪካ ስለተሠራ ከግንበኛው የሚጠበቀው ትሬዩን በውሃ ልክ አስተካክሎ ማስቀመጥ ነው። ውሃ ሊያፈስ የሚችለውም በዋናነት በሁለት ቦታ ነው፦ ከማፍሰሻው ጋር በሚገናኝበትና ከግድግዳው ጋር በሲሊኮን በሚያያዝበት።

የፕላስቲክ ትሬይ ሥሩ ባዶ ከሆነ በሰው ክብደት ይረግባል። በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል ወይም የማፍሰሻው ማያያዣ ይላላል። ስለዚህ ሥሩ በሲሚንቶ ይደገፋል፣ ወይም አምራቹ ባዘዘው እግር ላይ ይቀመጣል። የማፍሰሻው ቀዳዳ ቦታ የተወሰነ በመሆኑ በአሮጌ ቤት ውስጥ ከነባሩ ቱቦ ጋር ላይገጥም ይችላል። በዚህ ጊዜ ወይ ወለሉ ይፈረፈራል፣ ወይ ትሬዩ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል። ከፍ ያለው ትሬይ ለአረጋውያንና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች እንቅፋት ይሆናል።

የድሬዳዋ ሁኔታ

በድሬዳዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ በብዛት ይገኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ በከተማዋ እንዲተከል ያስቻለው ይኸው ድንጋይ ነው። ከተማዋ የምትጠቀመው የጉድጓድ ውሃም በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ካልሲየም ይበዛበታል። ውሃው ሲተን በወለሉና በማፍሰሻው ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ቅርፊቱን እንደ ኮምጣጤ ያለ አሲድ ያስለቅቀዋል፤ ነገር ግን አሲድ የሴራሚኩን ግራውትም ይበላል። በአክሪሊክ ትሬይ ላይ ግራውት ስለሌለ ይህ ችግር አይኖርም፤ ሆኖም በሻካራ ነገር ከተፈተገ ይጫጫራል።

ውሃ በሚቆራረጥበት ጊዜ ነዋሪዎች ውሃ በበርሜል ያጠራቅማሉ። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሲሞላ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ በፕላስቲክ ትሬይ ላይ ሊቀመጥ አይገባም፤ በአርማታ ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ ግን ይችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በከተማዋ የተከሰተውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ስለምትራባ፣ በርሜሉ መከደን አለበት።

በሁለቱም ዓይነት ወለል ሥር ያለው ሲፎን መጥፎ ሽታን የሚያግደው በውስጡ በሚቀር ውሃ ነው። በሙቀት ወራት ሻወሩ ለብዙ ቀን ካልተሠራበት ይህ ውሃ ተንኖ ያልቃል፤ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ ሽታውን ያስቀራል።

ምርጫ

በምድር ቤት፣ ክፍሉ ጠባብ ወይም ቅርጹ ያልተስተካከለ ሲሆን፣ እንዲሁም ውሃ በበርሜል በሚቀመጥበት ቤት ሴራሚክ ይመቻል። በኮንዶሚኒየምና በሌላ ፎቅ ቤት ግን ስርገቱ የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ ስለሚያበላሽ፣ የውሃ መከላከያውን በሚገባ የሚሠራ ባለሙያ ካልተገኘ ትሬይ የተሻለ ነው። የሴራሚክ ወለል ከሥሩ ሲያፈስ ንጣፉን ሰብሮ እንደገና መሥራት ግድ ይላል። የተሰነጠቀ ትሬይ ግን ተነስቶ ተመሳሳይ መጠን ባለው ይተካል፤ ሆኖም ጠርዙ ላይ ያረፈው የግድግዳ ሴራሚክ አብሮ ሊነሳ ይችላል።