የሚሞቅ የዘር ማብቀያ ሣጥን

ዘር በድን መስሎ ይታይ እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከጠንካራው ልባሱ ውስጥ አንድ ታናሽ ሽል ይገኛል፤ ከሽሉም ጋር ቅጠል አውጥቶ ምግቡን ራሱ ማዘጋጀት እስኪጀምር ድረስ የሚመገበው ስንቅ ተከማችቷል። ይህ ሽል ከእንቅልፉ እንዲነቃ ውሃ፣ አየርና ሙቀት ያስፈልጉታል። ውሃውን የሚረሳ ሰው የለም፤ አየሩም አፈሩ ካልተጠቀጠቀ በራሱ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሦስተኛው ነው።

ዘር ውሃ በጠጣ ጊዜ በውስጡ ያሉት ኤንዛይሞች ሥራቸውን ይጀምሩና የተከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ። ይህ ሥራ በቅዝቃዜ ይዘገያል፤ በሙቀት ይፋጠናል። የጠላ ብቅል የሚያዘጋጁ ባለሙያ ሴቶች ነገሩን በተግባር ሲያውቁት ኖረዋል። ገብሱ ከራሰ በኋላ እንደ ኮባ ባለ ሰፊ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ሞቅ ካለ ስፍራ ይቀመጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሥር ያወጣል። ጥቅልሉን ፈትቶ እጁን የሰደደበት ሰው ሙቀት ይሰማዋል። ዘሩ ሲተነፍስ ሙቀት ይሰጣል፤ ቅጠሉም ያንን ሙቀት አፍኖ ያቆየዋል። ስለዚህ የዘር ማብቀያ ሣጥን እንግዳ መሣሪያ ቢመስልም፣ የሚሠራበት ሕግ ለሀገር ቤት ባልትና እንግዳ አይደለም።

ሁሉም ዘር ግን የሚጠይቀው የሙቀት መጠን አንድ አይደለም። በርበሬ ከሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል የመጣ ተክል በመሆኑ ከብዙዎቹ የጓሮ አትክልቶች ይበልጥ ሙቀት ፈላጊ ነው። የአፈሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በ8 ቀን ገደማ ብቅ ይላል። ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ 13 ቀን ያህል፣ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ 25 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ በ10 ዲግሪ ከቶውኑ አይበቅልም። ቲማቲም ጥቂት ይታገሣል፤ በ25 ዲግሪ 6 ቀን፣ በ15 ዲግሪ ደግሞ 14 ቀን ያህል ይበቃዋል። ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ብርድ የሚችሉ ስለሆኑ ለእነርሱ ሣጥን ማሞቅ ድካም ብቻ ነው። ሰላጣማ ጭራሽ ተቃራኒ ነው፤ አፈሩ 35 ዲግሪ ሲደርስ ዘሩ ሳይበቅል ይቀራል።

በ15 ዲግሪና በ25 ዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት የጊዜ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መታገሥ ይቻል ነበር። ነገር ግን በቀዝቃዛና በእርጥብ አፈር ውስጥ ሦስት ሳምንት የተቀመጠ ዘር ለሻጋታና ለጉንዳን ይጋለጣል፤ ከመቶው ዘር ጥቂቱ ብቻ በቅሎ ሌላው በስብሶ ይቀራል። ዘሩን በውድ ዋጋ የገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ወቅቱንም ያጣል። ዘሩ አለመብቀሉን የሚያውቀው አንድ ወር ካለፈ በኋላ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት በተደጋጋሚ ይታያል። ክፍሉ ለሰው ሞቅ ያለ ከሆነ አፈሩም የሞቀ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከእርጥብ አፈር ላይ ውሃው ወደ አየር ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል፤ የሸክላ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህም የተነሣ የችግኝ ሣጥኑ አፈር በዙሪያው ካለው አየር በጥቂት ዲግሪ ቀዝቅዞ ይገኛል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ከተማ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ እጅግ ስለሚበርድ አፈሩ ለበርበሬ ከሚስማማው መጠን በብዙ ያንሳል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያው (ቴርሞሜትሩ) መሰካት ያለበት በግድግዳ ላይ ሳይሆን ዘሩ በተቀበረበት አፈር ውስጥ ነው።

የሚሞቀው ማብቀያ ሣጥን ይህን ችግር ለማስወገድ የተሠራ ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት። ከሥር በሚገባ የተሸፈነ የሚሞቅ ሽቦ ያለበት መደብ፣ ከላዩ አፈርና ዘር የሚይዝ ዝቅተኛ ሣጥን፣ ከሁሉም በላይ ብርሃን የሚያሳልፍና የአየር ቀዳዳ ያለው ክዳን ይገኛል። ክዳኑ ትነትን በመቀነስ ሙቀቱንም እርጥበቱንም ይጠብቃል። በአንዳንዶቹ ላይ የተፈለገው ሙቀት ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ይገጠማል። ፍጆታው እንደሚፈራው ብዙ አይደለም። 20 ዋት የሚወስድ ትንሽ ሣጥን ሌት ተቀን ቢሠራ በቀን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ 3500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ ያህል በ8 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ይሁን እንጂ ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ስፍራ ስለሚገናኙ ባልተሸፈነ ሽቦ በቤት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት መሞከር ለሕይወት አደገኛ ነው።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ስፍራ ፋንድያ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። የፓሪስ ከተማ አትክልተኞች በ19ኛው መቶ ዓመት በክረምታቸው ሰላጣና ሌላም አትክልት ለገበያ ያቀርቡ የነበረው በከተማይቱ ፈረሶች ፋንድያ እየሞቀ በመስተዋት በተከደነ መደብ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ገለባ የተቀላቀለበት አዲስ የፈረስ ወይም የበቅሎ ፋንድያ ውሃ እየተረጨበትና በእግር እየተረገጠ እስከ 50 ሣንቲ ሜትር ይከመራል። የላም እበት ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ያን ያህል አያገለግልም። በክምሩ ላይ ወለል የሌለው የእንጨት ሣጥን ተቀምጦ 15 ሣንቲ ሜትር አፈር ይሞላበታል፤ በላስቲክም ይሸፈናል። ፋንድያው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 60 ዲግሪ ሊግል ስለሚችል ወዲያውኑ የተዘራ ዘር ይቀቀላል። ስለዚህ አፈሩ ወደ 27 ዲግሪ እስኪወርድ አንድ ሳምንት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። መለኪያ የሌለው ሰው ጣቱን በአፈሩ ውስጥ ቢሰድና ትኩስነት ከተሰማው ጊዜው ገና ነው፤ ትኩስም ቀዝቃዛም ካልሆነበት መዝራት ይችላል። ክምሩ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሙቀቱን ይሰጣል።

ለመዝሪያ የሚሆነው ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግና አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ ነው። ዘሩ ከአንድ ሣንቲ ሜትር በላይ አይቀበርም፤ ተጨናንቆም አይዘራም።

ብዙ ችግኝ የሚጠፋው ዘሩ ሳይበቅል ቀርቶ አይደለም፤ በቅሎ ካስደሰተ በኋላ ነው። ለመብቀል የጠቀመው ሙቀት ለበቀለው ቡቃያ ጠላቱ ይሆናል። በርበሬና ቲማቲም ለመብቀል ብርሃን አይሹም፤ ከአፈር ብቅ ካሉበት ቀን ጀምሮ ግን የሚሹት ብርሃንን ነው። በሞቀና በጨለመ ስፍራ የቆየ ቡቃያ ብርሃን ፍለጋ ስለሚመዘዝ ግንዱ ክር መስሎ ይቀጥናል፤ እንዲህ የቀጠነ ችግኝ በኋላ ቢዳብርም አይጠነክርም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ታፍኖ በተያዘ እርጥበት የሚስፋፋው ሻጋታ ነው። ማታ ደኅና የነበረው ችግኝ ጧት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ተኝቶ ይገኛል፤ የወደቀውንም ማዳን አይቻልም። ስለዚህ ቡቃያው አብዛኛው ብቅ እንዳለ ክዳኑ ይነሣል፤ ማሞቂያው ይጠፋል፤ ሣጥኑም ብርሃን ወዳለበት መስኮት ይወሰዳል። ውሃ የሚጠጣው ጧት ነው፤ ይኸውም ሌሊቱን ረጥቦ እንዳያድር ነው። አፈሩን ከመዝራት በፊት የፈላ ውሃ አፍስሶበት ማቀዝቀዝ የሻጋታውን ጉዳት ይቀንሳል።

ሣጥኑ ጅምርን ያቀናል እንጂ የአገሩን አየር አይለውጥም። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ውርጭ በሚበዛበት ደጋ በርበሬ ሜዳ ላይ ተተክሎ ደኅና ፍሬ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ እዚያ የተሻለው ጎመንና ድንች ነው። ለወይና ደጋው ጓሮ ግን በጥር የተዘራ በርበሬ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ለመተከል ይደርሳል። ከመተከሉ በፊት አንድ ሳምንት ያህል ችግኙ ቀን ቀን ከቤት ውጭ፣ በመጀመሪያ በጥላ ሥር፣ ቀጥሎም ለፀሐይ እየተጋለጠ ይለማመዳል፤ ማታ ወደ ቤት ይገባል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊቶች ውጭ ያድራል፤ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ያቆመበት ሌሊት ከሆነ ግን ውርጭ ስለሚፈራ በጆንያ ይሸፈናል። ተከላውም ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ ይፈጸማል።