ካሴቱን ሳትጥሉ ቆም በሉ!

እናንተ የዘፈን ወዳጆች! ሞባይላችሁ ላይ ስንት ዘፈን ጭናችኋል? ሁለት ሺህ? ሦስት ሺህ? ይሁን። ጥራቱስ? ሲምባሉ ጥርት ብሎ ይሰማችኋል ወይስ ምጣድ ላይ እንደተረጨ ውሃ ይንጫጫል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ኤም ፒ ስሪ ዘፈንን የሚያሳንሰው ጆሮ ብዙም የማያስተውለውን ድምፅ እየቆረጠ በመጣል ነው። ምን ያህል እንደሚጥል የሚወስነው በሴኮንድ የሚመደብለት ኪሎቢት ነው። በ128 ስለታም ድምፆች ሊጎዱ፣ የክራሩም ምት ሊደበዝዝ ይችላል። በ192 ብዙ ሰው ልዩነቱን አይለይም። በ320 ደግሞ የሠለጠነ ጆሮ እንኳ ከሲዲው ለመለየት ይቸገራል።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። የ60 ደቂቃ ካሴት በ128 ወደ 58 ሜጋባይት፣ በ192 ወደ 86፣ በ320 ደግሞ 144 ሜጋባይት ይወስዳል። ሳይጨመቅ በሲዲ ጥራት ከተቀዳ 635 ገደማ ይሆናል። ፍላክ የሚባለው ግን ይህንን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግማሽ አካባቢ ያወርደዋል፤ ከድምፁ ቅንጣት አይጥልም።

አንድ የሰፈር ልጅ የአባቱን ካሴቶች «ቦታ ይቆጥባል» ብሎ በ64 ገለበጠና ካሴቶቹን ለቆራሌው ሸጠ። ከመሀላቸው አባትየው በጉብዝናቸው ክራር ሲጫወቱ የተቀዱት ነበረበት። ልጁ በኋላ ጥሩ ስፒከር ገዝቶ ቢከፍተው አባቱ በርሜል ውስጥ ሆነው የሚጫወቱ መሰለው። ወደ 320 ቢቀይረውም ፋይሉ አበጠ እንጂ ድምፁ አልተመለሰም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስማ!

ታዲያ ምን ይሻላል?

ለቤት፦ ካሴት ስትገለብጡ መጀመሪያ በፍላክ አስቀሩ። ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ ሃርድ ዲስክም ይበላሻል።

ለሞባይል፦ ከዚያው ከፍላኩ በ192 ወይም በ256 አውጡ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ እየጮኸ ከዚያ በላይ ምን ይፈይዳል?

ከጓደኛ ለመጣ 128፦ እንዳለ ተዉት። ደግሞ መጨመቅ ደግሞ ማጣት ነው።

ከተጠራጠራችሁ አንዱን ዘፈን ከፍላኩ በ128ም በ320ም አውጡና ጓደኛችሁ የትኛው እንደሆነ ሳይነግራችሁ ያሰማችሁ። ካልለያችሁት ለኪሳችሁ ትንሹ ይበቃል። ዳኛው የራሳችሁ ጆሮ ነው።

ካሴቱስ? እሱማ ከመሳቢያው አይውጣ!