ስለ መንገድና ስለ ባቡር ወጪ፤ ሒሳቡ እንዴት ይሠራል? ማንስ ይከፍለዋል?

ገበሬ ያመረተው እህል ዋጋ የሚያገኘው ከገበያ ሲደርስ ነው። ከጎተራው እስከ ገበያው ድረስ ያለው ጉዞ የሚበላው ገንዘብ ደግሞ ወይ ከገበሬው ድርሻ ይቀነሳል፤ ወይ በሸማቹ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ አዲስ መንገድ ለማውጣት፣ ወይም ባቡር ለመዘርጋት፣ ወይም ያለውን ለመጠገን የሚያስብ አስተዳደር ሁሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጥቅሙንና ኪሣራውን በሒሳብ መመርመር ይገባዋል። የኤኮኖሚ ሊቃውንት ለዚህ ምርመራ የሚያዘጋጁት የሒሳብ ንድፍ «ሞዴል» ይባላል። ቃሉ ለብዙ ሰው እንግዳ ቢሆንም በዚህ ንድፍ መሠረት የሚቆረጠው ውሳኔ የእያንዳንዱን ከተማና ገጠር ኑሮ የሚነካ ስለ ሆነ፣ ምንነቱን ከዚህ ቀጥለን በአጭሩ እንገልጻለን።

መሐንዲስ ቤት ከመሥራቱ በፊት ንድፉን በወረቀት ላይ ነድፎ፣ ግድግዳው ጣሪያውን ይችል እንደ ሆነ ያሰላል። የመጓጓዣ ሞዴልም እንደዚሁ ከሥራው በፊት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በመጀመሪያ አራት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ከየስፍራው የሚነሣው ጭነትና መንገደኛ ምን ያህል ነው? ሁለተኛ፣ ወዴት ይሄዳል? ሦስተኛ፣ በምን ይጓጓዛል፤ በካሚዮን ነው፣ በባቡር ነው፣ ወይስ በጋማ ከብት? አራተኛ፣ በየትኛው መንገድ ያልፋል? ለነዚህ መልስ ከተገኘ በኋላ፣ «ናፍጣ ቢወደድስ? ድልድዩ ቢሠራስ? አዝመራው ቢያንስስ?» እያሉ ቁጥሩን በመለዋወጥ ውጤቱን መመልከት ይቻላል። ሞዴል ትንቢት አይናገርም፤ የሚናገረው «ይህ ቢሆን ያ ይከተላል» የሚለውን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ሒሳብ የከተማን ዕድል እንደሚወስን ለማስረዳት ድሬዳዋ በቂ ምስክር ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በመጀመሪያ የታሰበው በጥንታዊቷ የንግድ ከተማ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ነገር ግን ሐረር በደጋው ላይ ስለ ሆነች፣ ሐዲዱን ወደዚያ ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪ እጅግ ከባድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ. ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። በ1909 ዓ. ም. መስመሩ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ቀድሞ ለቅፍለት ነጋዴ ብዙ ሳምንታት ይፈጅበት የነበረው ጉዞ በቀናት የሚቆጠር ሆነ። ድሬዳዋም የንግድና የፋብሪካ ከተማ ስትሆን፣ የሐረር የንግድ ማዕከልነት ቀነሰ። ለባቡሩ ኩባንያ ተራራውን መተው ትርፍ ነበር፤ ሐረር የምታጣው ገበያ ግን በኩባንያው መዝገብ የሚገባ ወጪ አልነበረም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የሞዴል መልስ የሚለወጠው በመደመርና በመቀነስ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ በሒሳቡ ውስጥ የገባውና ያልገባው ወጪም መልሱን ይገለብጠዋል። ይህንን በቀላል ምሳሌ እናሳይ፤ ቁጥሮቹም ለማስረጃ ያህል የታሰቡ እንጂ የማንም መሥሪያ ቤት ሒሳብ አይደሉም።

አንድ የባቡር መስመር ጭነት ቢኖርም ባይኖርም በዓመት 1,000,000 ብር ቋሚ ወጪ አለው እንበል፤ በዚህም ላይ ለእያንዳንዱ ኩንታል 10 ብር ያወጣል። በዚያው ጎዳና የሚሄድ ካሚዮን ደግሞ ለአንድ ኩንታል 50 ብር ያስከፍላል። በዓመት የሚጫነው 20,000 ኩንታል ቢሆን፣ የባቡሩ ጠቅላላ ወጪ 1,200,000 ብር፣ ለአንድ ኩንታልም 60 ብር ይሆናል፤ እንግዲያውስ ካሚዮን ይረክሳል። ጭነቱ 50,000 ኩንታል ቢደርስ ግን የባቡሩ ወጪ ለአንድ ኩንታል ወደ 30 ብር ይወርዳል፤ ባቡሩም ይረታል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በ25,000 ኩንታል ላይ ነው። አሁን ደግሞ ካሚዮኑ በመንገዱ ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት ለመጠገን መንግሥት ለእያንዳንዱ ኩንታል 15 ብር ያወጣል ብለን ይህንኑ በሒሳቡ ውስጥ እናግባ። የካሚዮኑ እውነተኛ ወጪ 65 ብር ይሆንና፣ በ20,000 ኩንታል እንኳ ባቡሩ በ5 ብር ይረክሳል። ጭነቱም ርቀቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከዚህ ቀደም ሳይቈጠር የቀረው 15 ብር መቈጠሩ ብቻ ነው።

የመንገድ ጥፋት በእውነትም ቀላል ወጪ አይደለም። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት እ. ኤ. አ. ከ1958 እስከ 1960 ድረስ በተደረገው ታላቅ የመንገድ ፈተና፣ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጥፋት ወደ 16 እጥፍ ገደማ እንደሚያድግ ታውቋል። የመንገዱ መበላሸት ደግሞ ተመልሶ ባለመኪናውን ይጎዳል፤ እ. ኤ. አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ የተካሄደው ጥናት በልዩ ልዩ መንገዶች ላይ የሚነዱ መኪናዎች የሚፈጁትን ነዳጅ፣ ጎማና መለዋወጫ ለክቶ፣ ጎርበጥባጣ መንገድ ወጪን ምን ያህል እንደሚያበዛ አሳይቷል። በአገራችን በ1989 ዓ. ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ለጥገና የሚሆነውን ገንዘብ በዋናነት ከነዳጅ ላይ ይሰበስባል። ነገር ግን ከመጠን በላይ የጫነ ካሚዮን የሚያቃጥለው ናፍጣ 16 እጥፍ አያድግም። ስለዚህ አብልጦ የሚያጠፋው ሰው በጥፋቱ ልክ አይከፍልም፤ ጉድለቱንም በልክ የጫነው ባለመኪናና ሕዝቡ ይሸፍኑታል። የክብደት መቈጣጠሪያ ሚዛን በየጎዳናው የሚቆመው ለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥለን በኢትዮጵያና በጅቡቲ መካከል የተዘረጋውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር እንመልከት። በ1990 ዓ. ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በአሰብ ይገባ የነበረው ጭነት ወደ ጅቡቲ በመዞሩ፣ የዚህ መስመር ነገር የአገር ጉዳይ ሆነ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ይህ ሐዲድ በ2009 ዓ. ም. ተመርቆ፣ በ2010 ዓ. ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። በአገራችን ያለው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ስለሚገኝ፣ ባቡሩ ከውጭ በምንዛሪ የሚገዛውን ናፍጣ ያድናል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንደሚለቅ ሲታሰብም፣ ጥቅሙ ከገንዘብ ያልፋል።

ሆኖም ሦስት ነገሮች በሒሳቡ መግባት አለባቸው። አንደኛ፣ መስመሩ በብዛት የተሠራው በብድር ስለ ሆነ፣ ቋሚ ወጪው ከፍተኛ ነው፤ ከላይ እንደ ታየው የሚያዋጣው ብዙ ጭነት ሲያገኝ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከወደብ የሚመጣው ጭነት ወደ ወደብ ከሚሄደው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ፣ ፉርጎዎች ሲመለሱ ባዶ ወይም ቀላል ይሆናሉ፤ የመመለሻው ወጪም በሚገባው ዕቃ ዋጋ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛ፣ ባቡር ዕቃውን ከባለቤቱ ደጃፍ አያደርስም፤ ከጣቢያው ወደ መጋዘንና ወደ ወረዳ የሚያደርስ መጋቢ መንገድ ከሌለ፣ ነጋዴው ዕቃውን ሁለት ጊዜ ከማስጫን ይልቅ ከወደብ ጀምሮ በካሚዮን ማምጣቱን ይመርጣል። በአሮጌው መስመር ጣቢያዎች ዙሪያ በመንገደኛውና በጭነቱ ይተዳደሩ የነበሩት ትንንሽ ከተሞችም ባቡሩ ሲቀር ገበያቸው ተቀዛቅዟል። በሞዴሉ ላይ «ርካሽ» ተብሎ የሚጻፈው መልስ ለማን ርካሽ እንደ ሆነ መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

የመንገድ ጥቅም ከተፈጥሮ ሀብትም ጋራ መተያየት አለበት። መንገድ ሲከፈት ለእህል የሚረክሰው ጭነት ለከሰልም ይረክሳል። ቀድሞ በርቀቱ ምክንያት የተጠበቀው ጫካ ለከተማ ገበያ ይቀርብና ሊመነጠር ይችላል፤ አፈሩም በጎርፍ ይታጠባል። እንግዲህ የዛሬውን የጭነት ዋጋ ብቻ የሚቈጥር ሞዴል ልጆቻችን የሚከፍሉትን ዕዳ ሳያይ ያልፋል። ሀብት ሳይመናመን እንዲቆይ የሚያስብ ሞዴል ግን ጫካውን፣ አፈሩንና የውኃውን ምንጭ እንደ መንገዱ ሁሉ በዋጋ ይጽፋቸዋል።

በመጨረሻም፣ ሞዴል ከሚመገበው ቁጥር የተሻለ መልስ አይሰጥም። በዋና ከተማ የተቀመጠ ባለሙያ በአንድ ወረዳ የገበያ ቀን ስንት ኩንታል እንደሚወጣ፣ መንገዱ በክረምት ስንት ሳምንት እንደሚዘጋ፣ ስንት ካሚዮን ባዶውን እንደሚመለስ የሚያውቀው ከሥፍራው ሲነገረው ነው። ይህንን በጥንቃቄ ቈጥሮ የሚመዘግብ የወረዳ ጸሐፊ የአገሩን መንገድ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ያልተቈጠረ ወረዳ በሞዴሉ ላይ ጭነት እንደሌለው ተቈጥሮ መንገዱ ለሌላ ሊሰጥበት ይችላል። ሕዝቡና ሹማምንቱም የሒሳቡ ውጤት በቀረበላቸው ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ፤ ምን ተቈጠረ? ምን ቀረ? የቀረውንስ ማን ይከፍለዋል? ለነዚህ ግልጽ መልስ የሚሰጥ ጥናት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነው፤ መልስ የማይሰጠው ግን ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ እንደገና ሊሠራ ይገባዋል።