ያውቁ ኖሯል? ከፒያሳ ሰማይ እስከ ሐይቅ ዳርቻ

ደሴ ፒያሳ ቆመው ወደ ጦሳ ተራራ ቀና ሲሉ ክንፉን ሳያራግብ ገደሉን ታክኮ የሚንሳፈፍ ግዙፍ አሞራ ካዩ፣ ዋና ምግቡ ሥጋ ሳይሆን አጥንት የሆነው ወፍ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ለመዋጥ ያስቸገረውን አጥንት ወደ ላይ ይዞት ይወጣና ድንጋይ ላይ ለቆ ይሰብረዋል። የደረቱ ዝገት መሰል ቀለምም አብሮት የተወለደ አይደለም። ብረት በበዛበት ጭቃ ውስጥ እየታጠበ ራሱ የሚቀባው ነው።

ከሥጋ ቤት ጣሪያ የማይጠፋው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ባለ ወፍራም መንቁር ቁራስ? በዓለም ላይ የሚኖረው በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ብቻ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን የዞረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ወፍ ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶች ይህን ቁራ በዝርዝራቸው ይዘውት ይመጣሉ። እኛ በየቀኑ እናባርረዋለን።

የሩፔልን ስም የያዘ አሞራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 አቢጃን ሰማይ ላይ አንዱ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጨ። አውሮፕላኑ የነበረበት ከፍታ 11 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ነበር። እስከ ዛሬ ከዚያ በላይ የበረረ ወፍ አልተመዘገበም።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። ደሴ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1 ሺህ 850 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ ለወፍ ተመልካች ትልቅ ስጦታ ነው፤ ጠዋት የደጋውን፣ ከሰዓት የወይና ደጋውን ወፍ ያያል። ቦርከናን ተከትሎ እስከ ጨፋ ረግረግ ከዘለቀ ደግሞ የውኃ ወፎቹን ይጨምራል። የቦርከና ውኃ አዋሽን ተቀላቅሎ ወደ ጅቡቲ ድንበር ይጓዛል እንጂ ባሕር አይደርስም።

ባሕር ካልን ዘንድ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ በቀድሞው ዘመን እስከ አሰብ የሚያደርሰው መንገድ የሾፌር ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? በዚያው አቅጣጫ ከላይ፣ በሰማዩ፣ ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ ሜዳዎች የሚመጡ ንስሮች ይጓዛሉ። ንስር ከባድ ወፍ ስለሆነ ክንፉን እየመታ ረጅም ርቀት መሄድ አይችልም። ፀሐይ ካሞቀችው መሬት በሚነሳው ትኩስ አየር ላይ ተጭኖ ይወጣና ይንሸራተታል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ቀይ ባሕርን ለመሻገር ጠባቡን ይመርጣል፤ ጠባቡም የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ነው፣ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ላይ በጅቡቲ በረሃማ ዳርቻ የተቀመጡ ቆጣሪዎች በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ መዝግበዋል። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ከዚያ ሁሉ ክንፍ ብዙው በጥቅምት ወር አፋርን አቋርጦ የሚገባው ወደኛ ሰማይ ነው!

ከቡልጋሪያና ከአካባቢው የሚመጣው፣ ፊቱ ቢጫ የሆነው ትንሹ ነጭ ጥንብ አንሳ የአገሩን ክረምት የሚያሳልፈው የት ይመስልዎታል? አንዱ ስፍራ አፋር ነው። የቡልጋሪያና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች አብረው በሠሩት ቆጠራ በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ የሚያድሩ ከሺህ በላይ ወፎች አግኝተዋል።

የሐይቁስ ጉዳይ? ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ውኃ ጥልቀቱ 88 ሜትር እንደሚደርስ ተለክቷል፤ መውጫ ወንዝ የለውም። ጎረቤቱ አርዲቦ ትርፍ ውኃውን ወደ እሱ ይልካል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በፊት ደሴት ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተገናኘ። የገዳሙ ዛፎች ሳይቆረጡ በመቆየታቸው የጫካ ወፍና የውኃ ወፍ በአንድ ዳርቻ ይገኛሉ። ጎህ ሲቀድ ይሂዱ፤ ደማቅ ልብስ አይልበሱ፤ ሴቶች ወደ ገዳሙ ቅጥር እንደማይገቡ ይወቁ፤ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ። ቦታውን የሚያውቅ የአካባቢ ልጅ ይዘው ከሄዱ በጥድፊያ የማያዩትን ያሳይዎታል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

ከወፍ አልፎ አራዊት ለሚሻም፣ ደሴና ሐይቅ ባሉበት በዚሁ ዞን፣ መካነ ሰላም አጠገብ ያለው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለው። የቀይ ቀበሮ አዋቂዎች በዓለም ሁሉ ከ500 አይበልጡም።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። ከተማችን ላይ ከሚያንዣብቡት አንዱ፣ የሩፔልን ስም የያዘው አሞራ፣ በዓለም አቀፍ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። አንዱ ጠላቱ ለውሻና ለጅብ ተብሎ የሚጣል መርዝ ነው፤ የሞተውን የሚበላው እሱ ነውና። ሕንድ ውስጥ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በበድን በኩል እየገባ የአንዳንዶቹን የአሞራ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ጨረሰ። ከዚያ የባዘኑ ውሾች በዙ። አገሪቱ መድኃኒቱን ለእንስሳት መስጠት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውሻ ለመቀነስ መርዝ ከመጣል የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ቢያስቀድሙ ለሰውም ለአሞራም ይበጃል።

ለጉዞ መጽሐፍ የሚሹ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣና በኢትዮጵያ ወፍ የሚታይባቸውን ቦታዎች የሚያሳይ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለ፤ ከሦስቱ አዘጋጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ መሪድ ገብረሚካኤል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ መምህር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየጥር ወሩ በብዙ አገሮች የውኃ ወፍ ቆጠራ ይደረጋል፤ ከቆጣሪዎቹ ብዙዎቹ ፈቃደኞች ናቸው። የሐይቅ ዳርቻ ለዚህ ሥራ አንድ የሩቅ ማያ መነጽርና አንድ ደብተር ብቻ ይጠይቃል።